ቁልፍ ባለቤቱን አያውቅም

ሰው ንብረቱን የሚጠብቅበት ቁልፍ ሁሉ አንድ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም ባለቤቱን ከሌባው ለይቶ ለማወቅ አለመቻሉ ነው። የብረት ቁልፍ በእጁ የያዘውን ሁሉ ያስገባል፤ የቃል ቁልፍም ቃሉን የሚያውቀውን ሁሉ ያስገባል። ቁልፉ የጠፋበት ባለቤትና ቁልፍ ያልነበረው ሌባ በተዘጋው በር ፊት እኩል ሆነው ይቆማሉ። እንግዲህ በዚህ ጊዜ፥ «ይህ ንብረት የማን ነው?» ብሎ የሚፈርድ ማን ነው? ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ አይታይህ። ለእኔም ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ ዳሩ ግን በራሴ ላይ ደርሶ አስተማረኝ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በወገዳ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ አድርጎ መረጠኝ። እኔም መዝገቡን በላፕቶፕ እጽፍ ጀመር። ከዚሁ ጋራ ከስማዳና ከእስቴ ሽማግሌዎች አፍ ለብዙ ዓመታት የለቀምኳቸው ተረትና ምሳሌዎች በዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ነበሩ፤ ከነገሩኝም ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሰው እንዳይነካብኝ ብዬ ላፕቶፑ ገና ሲበራ የሚጠይቀውን የይለፍ ቃል አበጀሁለት። ቃሉን በወረቀት አልጻፍኩትም፤ ለልጆቼም አልነገርኳቸውም። ዘመኑን ሙሉ የተማሪ ስም በቃሉ ሲጠራ የኖረ መምህር አንዲት ቃል እረሳለሁ ብሎ እንዴት ይጠርጥር?

ከዚያም ታመምኩ። ሁለት ወር ተኝቼ ስነሣ ላፕቶፑን ባበራው ቃሉን ጠየቀኝ። የማውቀውን ቃል ሁሉ ጻፍኩለት፤ አልተቀበለኝም።

በዚያው ሰሞን ከእድራችን አባሎች አንዱ ዐረፈ። ሚስቱ መዋጮው አንድም ወር አልተጓደለም ስትል፥ ከኮሚቴው አንዳንዱ «መዝገቡ ይታይ» አለ። መዝገቡ ግን በእኔ ምሥጢር ተቆልፎ ነበር። ያች ሴት አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ዝም ብላ ብቻ አየችኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ አደራ በላ ማለት የሰው ገንዘብ የበላ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የብዙ ሰውን ጉዳይ ለብቻው ይዞ ደጁን የዘጋ ሰውም ከዚያ የራቀ አይደለም። መክሊቱን በመሬት ውስጥ የቀበረው አገልጋይ ሌባ አልነበረም፤ ነገር ግን ከመወቀስ አልዳነም።

ላፕቶፑን ይዤ ደብረ ታቦር ወረድኩ። የመጀመሪያው ጠጋኝ ላፕቶፑን ገልበጥ አድርጎ አየና፥ «ዋጋውን ይክፈሉ እንጂ እከፍተዋለሁ፤ ትተውት ይሂዱ» አለኝ። ማን እንደ ሆንኩ አልጠየቀኝም። እኔም ደስ አለኝ፤ ብቻ ላፕቶፑን ትቼ ማደር ስላልወደድኩ ወደ ሌላ ሱቅ ሄድኩ። በዚያ የነበረው ልጅ ዕድሜው ከሃያ አምስት አይበልጥም። «አባቴ፥ ላፕቶፑ የርስዎ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለዎት?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «ልጄ፥ ሽበቴን አታይም?» አልኩት።

«ሽበትዎን አከብራለሁ፤ ግን ላፕቶፕ የተሰረቀበት ሰውም ሽበት ሊኖረው ይችላል» አለኝ።

ሳልሰናበተው ወጣሁ። ወደ ወገዳ ስመለስ ግን በመንገድ ላይ ንዴቴ እየበረደ፥ ሐሳቤም እየጠራ ሄደ። ሳይጠይቅ ሊከፍትልኝ የተዘጋጀው ሰው የእኔ ወዳጅ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ይህ ሰው ነገ ላፕቶፔን የሰረቀ ሌባ ቢመጣበት ለእሱም ሳይጠይቅ ይከፍትለታል። እኔን ያስቆጣኝ ልጅ ግን፥ እዚያ ሳልኖር እንኳ ንብረቴን ይጠብቅልኝ ነበር። ከሁለቱ የሚያከብረኝ ማን ነው?

ይህን ሳስብ ከአገራችን ቃላት አንዱ ትዝ አለኝ። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት። ተማሪው ብዙ ዓመት ደክሞ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ፥ «ዐውቄአለሁ» ስላለ ብቻ መምህር አይባልም፤ ሊያስመሰክር ይሄዳል። የሚያስመሰክረውም ውሸታም ነው ተብሎ ስለ ተጠረጠረ አይደለም። ሰው ለራሱ ምስክር ሊሆን ስለማይችል ነው። እነዚያ ሊቃውንት ይህን ሲያደርጉ እንደ ውርደት ካልቆጠሩት፥ እኔ ስለ አንድ ላፕቶፕ ምስክር አምጣ ብባል ለምን እቆጣለሁ?

በሌላም አገር የሆነውን ነገር መመልከት ይጠቅማል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1961 በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፥ ብዙ ሰዎች በጋራ የሚሠሩበት ኮምፒዩተር ተዘጋጀ፤ ለእያንዳንዱም ሰው ሥራው እንዲጠበቅለት የይለፍ ቃል ተሰጠው። በ1962 ግን አለን ሼር የሚባል ተማሪ የተመደበለት ሰዓት አልበቃው ቢል፥ የሁሉንም የይለፍ ቃል የያዘውን መዝገብ አሳትሞ ወሰደና በሌሎች ስም ይሠራ ጀመር። ኮምፒዩተሩ ቃሉን እንጂ ሰውየውን ስለማያውቅ ለሁሉም በሩን ከፈተለት። ስለዚህ ቃሉን ማወቅ ባለቤት አያደርግም፤ ቃሉን መርሳትም ባለቤትነትን አይሽርም። ባለቤትነት በሰው ልብና በሰው ምስክርነት የሚኖር ነገር ነው።

ላፕቶፑን የገዛሁበትን ደረሰኝ ከካርቶኑ ውስጥ ፈለግሁ፤ ከእድሩም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አጽፌ ተመለስኩ። ልጁ መታወቂያዬን አየ፤ በደረሰኙ ላይ ያለውን ቁጥርም ከላፕቶፑ ጀርባ ካለው ጋራ አስተያየ። ከዚያ በኋላ ወንበር ሰጥቶኝ ሥራውን እያስረዳኝ ጀመረ። በቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ይህን ቃል የሚይዘው ክፍል እንደ ሳንቲም ክብ በሆነች ትንሽ ባትሪ ኃይል የሚኖር ስለ ነበረ፥ ባትሪዋን ነቅሎ ጥቂት መቆየት ብዙ ጊዜ ይበቃ ነበር። በኋላ በተሠሩት በብዙዎቹ ላፕቶፖች ግን ቃሉ ኃይል ቢቋረጥም በማይጠፋበት ክፍል ስለሚቀመጥ ባትሪውን መንቀል አይጠቅምም፤ ፋብሪካውም ቢሆን ለመርዳት የባለቤትነት ማስረጃ ይጠይቃል። ነገር ግን ጽሑፉ ያለው በሐርድ ዲስኩ ላይ ነው። ሐርድ ዲስኩ በምሥጢር አጻጻፍ ያልተቆለፈ እንደ ሆነ ነቅሎ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ማንበብ ይቻላል። በምሥጢር አጻጻፍ ከተቆለፈ ግን ቀድሞ የተሰጠው የማስመለሻ ቁልፍ ከሌለ ብልሃተኛም አይከፍተውም፤ ቢትሎከር በሚባለው ዘዴ ይህ ቁልፍ 48 አኃዝ አለው። የእኔ ሐርድ ዲስክ እንዲህ አልተቆለፈም ነበርና መዝገቡም ምሳሌዎቹም ተገኙ።

ወደ ወገዳ ስደርስ ግን ኮሚቴው እኔን ሳይጠብቅ ሦስት ጎረቤቶችን አስመስክሮ ለሴትዮዋ የሚገባትን ከፍሏት አገኘሁ። መዝገቡን ብንመለከተው ጎረቤቶቹ እንደ ተናገሩት ነበር። እኔ በቁልፍ የጠበቅሁትን እውነት እነርሱ በልባቸው ጠብቀውት ኖረዋል።

ምናልባት፥ «ለሰው የተነገረ ምሥጢር እንዴት ምሥጢር ይባላል?» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፤ ምሥጢርን መዝራት ስንፍና ነው። ነገር ግን መዝራትና አደራ መስጠት አንድ አይደሉም። በብዙ አድባራትና ማኅበሮች ሣጥኑ በሁለት ወይም በሦስት ቁልፍ የሚቆለፈው፥ ቁልፎቹም በተለያዩ ሰዎች እጅ የሚቀመጡት፥ ሰዎቹ ስለማይተማመኑ ብቻ አይደለም። አንዱ ቢሞት፥ ቢታመም፥ ወይም ቢሳሳት የማኅበሩ ጉዳይ ከእሱ ጋራ እንዳይቀበር ነው። አባቶቻችን ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ያሉት ለጉልበት ብቻ አልነበረም፤ ለማስታወስም ነው።

እኔም ዛሬ የይለፍ ቃሌን ጽፌ፥ በፖስታ አሽጌ፥ በእድሩ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። የሚከፈተውም ሦስቱ ቁልፍ ያዦች አብረው ሲገኙ ነው።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፥ ባለንብረት ብትሆን የብዙ ሰው ጉዳይ በአንተ መርሳት ላይ እንዳይንጠለጠል አስቀድመህ ታማኝ ሰው ፈልግ። የተዘጋውን የመክፈት ጥበብ ቢሰጥህ ሳትጠይቅ አትክፈት፤ የሚጠይቅህን ሽማግሌ ቁጣም አትፍራ፤ ቁጣው ሲበርድ ይመርቅሃል። ምስክር ሁን ብትባልም እውነቱን ተናገር፤ ቁልፍ ሁሉ በጠፋበት ቀን የድኻው በር የሚከፈተው በአንተ ቃል ነውና።