ክኒኗን ብቻሽን አትዋጫት

ልጄ፣ ዱቲ ወጥተሽ እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ ከፋርማሲ ባልደረባሽ ሁለት ፍሬ ዲያዜፓም ያለ ማዘዣ ተቀብለሽ ከጋዋንሽ ኪስ እንደምትከቺ ሰማሁ። ልወቅስሽ አይደለም የተነሣሁት። እኔም ዕድሜዬን በድሬሰርነት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ የሌሊቱን ነገር አውቀዋለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን በአማራ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ምጥ የጠናባትን እናት ከአንበሳሜ ወደ ደብረ ታቦር የሚያደርስ አምቡላንስ ሲጠፋ፣ የቤተሰቡ እሪታ የሚያርፈው አንቺ ላይ ነው። የዱቲው ክፍያም ይዘገያል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ጠግበው አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ያለውን መዛል በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ብሎ መዝግቦታል።

ግን ስሚኝ። ዲያዜፓም የራሱ የተለየ ማዘዣ ወረቀት የወጣለት ያለ ነገር አይደለም። ሰሞኑን ያስተኛሻል፤ ሳምንታት ሲያልፉ ሰውነት ይለምደውና አንዷ ፍሬ አልበቃ ትላለች። ከአረቄ ወይም ከትራማዶል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያዳክማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው፤ ይህኛው ግን ሲሮጡ ቢታጠቁትም ሲሮጡ አይፈታም። ለወራት የዋጠው ሰው በአንድ ጀምበር ቢተወው ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱንም ይጥለዋል። ስለዚህ ዛሬ ተናደሽ እንዳትደፊው፤ ሐኪም እያየሽ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነስ።

ይህን ለታካሚ የምትነግሪው አንቺው ነሽ። ለራስሽ ሲሆን ካርድ ማውጣት አሳፈረሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ። ደብረ ታቦር ሰው ያውቀኛል ካልሽ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት የአእምሮ ሕክምና አለ። ሐኪሙ የድብርት መድኃኒት ካዘዘልሽ ሳታፍሪ ዋጪ፤ እኔ የምቃወመው መድኃኒቱን ሳይሆን ተደብቆ መዋጡን ነው። ጸበሉንም ተጠመቂ፣ ሐኪሙ ያዘዘልሽን ክኒን ግን አታቋርጪ።

ከዚያ ለሜትሮንሽ ተናገሪ። የሌሊቱ ተራ አንድ ሰው ላይ እየተደራረበ ከሆነ ሁላችሁም ሆናችሁ ይከፋፈል በሉ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አለቆችሽም ይስሙ፦ የደከመ ባለሙያ መጠን ይስታል፣ መጠን ሲስት ሰው ይሞታል። እኛ ሽማግሌዎችም ነርስ ላይ እጁን የሚያነሣውን በዕድርና በሰንበቴ ፊት እንገሥጸዋለን፤ ይህ የእኛ ድርሻ ነው።

ሌሊት መኖርን የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮም ሽማግሌም አትጠብቂ። አብራሽ ዱቲ ያለችውን ቀስቅሻት፣ በግልጽ ንገሪያት፣ ብቻሽንም እንዳትተውሽ ለምኛት።