ሁለት ዓይን፥ አንድ ነገር

ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር ለየቅል አድርገው ሲነግሩን፥ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ብለን እንፈርዳለን። ይህ ፍርድ ለሰነፍ ሰው ይመቻል፤ አንዱን ጥሎ አንዱን ማንሣት ከመመርመር ይቀላልና። ነገር ግን ሁልጊዜ እውነት ነውን? መልሱን የተማርኩት ከአንድ ተራ ከሚመስል የፊልም ሥራ ስለሆነ፥ እንደ ሆነው አድርጌ ልናገር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ጣትህን ከፊትህ አቁመህ መጀመሪያ በቀኝ ዓይንህ ብቻ፥ ቀጥሎም በግራ ዓይንህ ብቻ ተመልከት። ጣትህ ከቦታው የዘለለ ይመስልሃል። ከዓይኖችህ የትኛው ዋሸ? አንዱም አልዋሸም። በመካከላቸው 65 ሚሊሜትር ያህል ርቀት ስላለ፥ እያንዳንዱ ከቆመበት ያየውን ተናገረ እንጂ። ቻርልስ ዊትስቶን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1838 ያስረዳው ይኸንን ነው። አእምሮ የነገሩን ቅርበትና ርቀት የሚያገኘው ከሁለቱ ሥዕሎች ልዩነት ነው። እርሱም ስቴሪዮስኮፕ በተባለ መሣሪያ ሁለት ጠፍጣፋ ሥዕሎችን ለሁለቱ ዓይኖች ለየብቻ ቢያሳይ፥ ጥልቀት ያለው አንድ ነገር ሆነው ታዩ። ልዩነቱ ባይኖር ጥልቀቱም ባልኖረ ነበር።

ኮዳክ የተባለው ኩባንያ በ1923 ባለ 16 ሚሊሜትር፥ በ1932 ደግሞ ባለ 8 ሚሊሜትር ፊልም ካወጣ በኋላ፥ ሲኒማ ማንሣት በየቤቱ የሚቻል ሆነ። ትዕግሥት ያላቸው ሰዎችም ሁለት ትንንሽ ካሜራዎችን ጎን ለጎን አስረው፥ እንደ ሁለት ዓይን እንዲያዩ አደረጓቸው። ፊልሙ የሚታየው በሁለት ማሳያ መኪናዎች ነው። በየመኪናው ፊት ብርሃኑን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መስተዋት ይደረጋል፤ ተመልካቹም የዚሁ ዓይነት መነጽር ያደርጋል፤ በዚህም እያንዳንዱ ዓይን የራሱን ሥዕል ብቻ ያያል። ተራ ነጭ ጨርቅ ብርሃኑን ስለሚያዘበራርቀው መጋረጃው ብርማ ቀለም መቀባት አለበት።

እኔና ታናሽ ወንድሜ በ1963 ዓ.ም. ከውጭ አገር ትምህርት ስንመለስ፥ በሞላ የሚሠሩ ሁለት ባለ 8 ሚሊሜትር ካሜራዎች ይዘን መጣን። መጀመሪያ እናታችንን ቡና ስትቀዳ ልናነሣ ተስማማን። ካሜራዎቹን በአንድ ጣውላ ላይ አሰርናቸው፤ በመካከላቸው አሥር ሳንቲሜትር ያህል ነበረ። ቅርብ ያለው ነገር የዚህን ርቀት 30 እጥፍ ያህል መራቅ ስለሚገባው፥ እናታችንን ሦስት ሜትር ያህል ራቅ አድርገን አስቀመጥናት። ሞላዎቹን አጠበቅን። ወንድሜ ግን ጆሮውን አስጠግቶ፥ «ጋሼ፥ ይኸኛው ካሜራ ድምፁ ይከብዳል፤ የሚዘገይ ይመስለኛል። ሳንለካው አንጀምር» አለኝ። ያ ካሜራ የኔ ነበረ። ታናሼ በእናታችን ፊት ሊያርመኝ በመነሣቱ ተቆጣሁና፥ «የራስህን ስማ» ብዬ አስጀመርኩ።

ፊልሙ ታጥቦ እንዲመለስ ወደ ውጭ አገር ተላከ። ከመመለሱ በፊት እናታችን በድንገተኛ ሕመም ዐረፈች።

ከተዝካሩ በኋላ መጋረጃውን ዘርግተን ተመለከትን። የወንድሜ ካሜራ በሴኮንድ 16 ሥዕል፥ የኔ ግን 15 ያህል ነበር ያነሣው። አንዲት ሥዕል ምን ታደርጋለች ትል ይሆናል፤ ነገር ግን ከ30 ሴኮንድ በኋላ 30 ሥዕል ትሆናለች፤ ይኸውም ወደ ሁለት ሴኮንድ የሚጠጋ ልዩነት ነው። ለአንዱ ዓይን ጀበናው ገና ሲያዘነብል፥ ለሌላው ሲኒው ሞልቷል። የእናታችን እጅ ሁለት ሆነ፤ ፊቷም ተሰነጠቀ። ዓይናችንን አሞን መነጽሩን አወለቅን። ወንድሜ አንድ ቃል አልተናገረኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልዩነትን ሁሉ አንድ አድርጌ አላይም። ካሜራዎች በቆሙበት ቦታ ቢለያዩ ጥልቀትን ይሰጣሉ። በከፍታ ቢለያዩ፥ ወይም በጊዜ ባይስማሙ ግን የሚሰጡት ሕመምን ነው። የግራው ሥዕል ለቀኝ ዓይን፥ የቀኙም ለግራ ቢሰጥ ደግሞ ቅርቡ ሩቅ፥ ሩቁም ቅርብ ሆኖ ይገለበጣል። በሰዎች ነገርም እንደዚሁ ነው። ሁለት ቅን ሰዎች ከየቆሙበት ሆነው የተለያየ ነገር ቢያዩ፥ ዳኛ ሁለቱን ሰምቶ ነገሩን ከአንዱ ይልቅ በሁለቱ ያውቀዋል። አንደኛው ራሱን ከባልንጀራው ከፍ አድርጎ ቢያቆም፥ ወይም ያልተናገረውን ቃል በባልንጀራው አፍ ቢያደርግ ግን፥ ከዚያ ልዩነት ዕውቀት አይገኝም። ስለዚህ «ሁሉም በየበኩሉ ልክ ነው» የሚለው አነጋገር፥ «አንዱ የግድ ዋሽቷል» ከሚለው ያላነሰ ስንፍና ነው። የኔ ካሜራ በየበኩሉ ልክ አልነበረም፤ ዘግይቶ ነበረ።

ካሜራ ራሱን መስማት አይችልም። መዘግየቱን የሚያውቀው አጠገቡ ያለው ነው። ታናሽ፥ ሚስት፥ ጓደኛ ወይም ተማሪ «የዘገየህ ይመስለኛል» ቢልህ፥ ከመቆጣትህ በፊት ለካ። ሰውየው ተሳስቶ ቢሆን የምታጠፋው ጥቂት ደቂቃ ነው። እውነቱን ከሆነ ግን የምታድነው ነገር ተመልሶ የማይገኝ ሊሆን ይችላል።

ጥፋቴን ለወንድሜ ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። በነገርኩት ቀን ያንን ፊልም አውጥተን ከመጀመሪያው እንደገና አየነው። ካሜራዎቹ ገና ሳይለያዩ፥ እናታችን ነጠላዋን አስተካክላ ወደኛ ቀና የምትልበት ጥቂት ቅጽበት አለ። ያ ብቻ ደኅና ነው፤ እጅህን ብትዘረጋ የምትነካት ይመስልሃል። ቀጥላ ጀበናውን ስታነሣ፥ ወንድሜ መኪናዎቹን አቆመ።