ለጓደኛ መልስ ማሳየት ደግነት ነውን?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በፈተና ቀን ከጎንህ የተቀመጠው ጓደኛህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወረቀትህን ጥቂት ዘወር አድርግልኝ» ቢልህ ምን ታደርጋለህ? ብታዞርለት የትምህርት ቤቱን ደንብ ትጥሳለህ። ባታዞርለት ደግሞ ስስታም፥ ጨካኝ፥ ለራሱ ብቻ የሚያስብ የሚል ስም ይወጣልሃል፤ ይህም ስም ከትምህርት ቤቱ ቅጣት ይልቅ ብዙ ጊዜ አብሮህ ይቆያል። እኔ በአስተማሪነት በኖርሁበት ዘመን ይህን ጥያቄ ከተማሪዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ «ክልክል ነው» የሚል ብቻ ነው። ነገር ግን ልጁ የጠየቀው መከልከሉን አይደለም፤ ያንንስ በበሩ ላይ ተለጥፎ አንብቦታል። የጠየቀው ጓደኛን መርዳት እንዴት ክፉ ሊሆን ይችላል ብሎ ነው።

ይህ ጥያቄ በእኛ ዘንድ የሚከብድበት ምክንያት አለው። ልጆቻችን ከአንድ መሶብ እየበሉ ያድጋሉ። ተደብቆ ለብቻው የበላ ልጅ ይነወራል፤ በእጁ ያለውን ቆሎ ለታናሹ ሳይዘግን የቀረውን እናቱ ትቆጣዋለች። ሰብል ሲደርስ በደቦ ይታጨዳል፤ ሐዘን ሲመጣ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል። እንግዲህ እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ አንድ ቀን ጠዋት ከክፍል ገብቶ «ወረቀትህን በክንድህ ሸፍን፤ ወዳጅህ እንዳያይብህ» ሲባል፥ እስከዚያ ቀን ከተማረው ሁሉ የተቃረነ ትእዛዝ ቢመስለው አይፈረድበትም። ስለዚህ የሚያስኮርጅ ተማሪ ሁሉ ሌባ ነው ብለው በችኰላ ከሚፈርዱት ጋር አልስማማም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስኮርጀው ልጅ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ደግ የሚባለው ነው።

ደግሞም ለለማኙ ተማሪ የሚከራከርለት ሰው ቢነሣ ብዙ እውነት ሊናገር ይችላል። እንዲህ ይለን ይሆናል፦ «አንዱ ተማሪ በቤቱ አስጠኚ ተቀጥሮለታል፤ መብራት አለው፤ መጽሐፉ የግሉ ነው። ሌላይቱ ጎሕ ሳይቀድ ውኃ ቀድታ፥ ታናናሾቿን አብልታ፥ አንድ ሰዓት ያህል በእግሯ ተጉዛ ትመጣለች፤ መጽሐፉንም ለሦስት ይካፈሉታል። በፈተናው ቀን ሁለቱ እኩል ወረቀት ተሰጥቷቸው ‹እኩል ተወዳደሩ› ይባላሉ። ታዲያ የተረዳው ማን ነው? ለአንደኛው እርዳታው ዓመቱን ሙሉ ሲፈስስለት ከቆየ፥ ለሌላይቱ በአንድ ደቂቃ ሦስት መልስ ብትደርሳት ምን ነውር አለው?» ይህን ክርክር በቀላሉ የሚያልፍ ሰው ድኻ ተማሪ በቅርብ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። እኔም ክርክሩ ውሸት ነው አልልም። የምለው ሕመሙ በትክክል ተነግሮ መድኃኒቱ ግን ተሳስቷል ነው።

እስኪ አስቀድመን መስጠት ምን እንደ ሆነ እንመርምር። ለተራበ ሰው እንጀራ ብትሰጠው እንጀራው የእርሱ ይሆናል፤ ሆዱም ይጠግባል። ለበረደው ጋቢ ብታለብሰው ይሞቀዋል። መልስ ያሳየኸው ጓደኛህ ግን ከአንተ ምን ተቀበለ? የአራተኛው ጥያቄ መልስ «ሐ» መሆኑን ተቀበለ። «ሐ» የሆነበትን ምክንያት አልተቀበለም፤ ነገ ያው ጥያቄ ቁጥሩ ተለውጦ ቢመጣ እንደ ገና ባዶ እጁን ነው። ተራበ የተባለው ሰው አልበላም፤ በልቷል ተብሎ ብቻ ተጻፈለት።

በዚህ ነገር የጥንት ትምህርት ቤታችን ከዛሬው ይልቅ አጥርቶ ያየው ነገር አለ። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ፥ ከየደጁ የለመናትን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር አብሮ ይበላል፤ ቢታመም ጓደኛው ለምኖ ያመጣለታል። ጎጆው የጋራ፥ ረኀቡም የጋራ ነው። ቅኔውን ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ይቈጥራል። ጀማሪው ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና እንኳ ቢሆን ዛፍ ሥር ተቀምጦ፥ ራሱን በጋቢው ሸፍኖ፥ ከራሱ ልብ አውጥቶ ለመምህሩ ያቀርባል እንጂ የጓደኛውን ቅኔ ይዞ አይቀርብም። (ቅኔ ማቅረብን «መዝረፍ» ያሉት አባቶች ሲቀልዱ ነው እንዳልል፥ ዘራፊው የሌላውን ከነካ ወዲያው መታወቁ ያስቀኛል።) ይህም ሆኖ በዚያ ቤት መረዳዳት የለም የሚል ማንም የለም። ከፍ ያሉት ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ፤ ሥርዓቱንና አገባቡን ደጋግመው ያስረዳሉ። እንግዲህ እነዚያ ተማሪዎች ቁራሹን ሲካፈሉ ቅኔውን አለመካፈላቸው ከስስት የመጣ አይደለም፤ የሚካፈሉትን ነገር ከማይካፈሉት ለይተው ስላወቁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ እንበል፤ አንዱ ጤነኛ፥ አንዱ በሽተኛ። በሽተኛው ሐኪም ቤት ሄዶ ደም እንዲመረመር በታዘዘ ጊዜ መርፌውንም ውጤቱንም ስለ ፈራ፥ ጤነኛው ወንድሙ አዝኖለት «የእኔን ደም በስምህ ስጥ» ቢለውና ቢሰጥለት፥ ከላብራቶሪው የሚመጣው ወረቀት «ይህ ሰው ምንም በሽታ የለበትም» የሚል ይሆናል። እናቱ ደስ ይላታል፤ ሐኪሙም ያሰናብተዋል። በሽታው ግን ከደሙ አልወጣም፤ እንዲያውም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚፈልገው ሰው አጣ። ማስኮረጅም እንዲሁ ነው። ፈተና ከሁሉ አስቀድሞ ሰውን መለያ ወንፊት መስሎ ቢታየንም፥ መጀመሪያ ሥራው የጎደለውን ለሚሞላው ሰው ማሳየት ነው። ጓደኛህ ዜሮ ቢያገኝ ያ ዜሮ ጩኸት ነው፤ አስተማሪውን «ይህን ልጅ እየው» የሚል ጩኸት። አንተ መልስ ስታሳየው አፉን ትይዝበታለህ።

ይህን ስል በአሳብ ብቻ አይደለም። በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ስለ ወጣ ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰርዞ በሌላ ጊዜ እንደ አዲስ ተሰጠ። ያን ወረቀት በዓይናቸው ያላዩ፥ ስልክ እንኳ የሌላቸው ልጆች ሁሉ የሌሎቹን ዕዳ ከፈሉ። ከዚያም በኋላ ኩረጃው እየባሰ ስለ ሄደ፥ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከየአገራቸው ተነሥተው፥ ስልክ ተከልክለው፥ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እያደሩ ተፈተኑ። ውጤቱ በተነገረ ጊዜ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጥቂት በጥቂት ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ደርሷል።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው «የዛሬ ልጆች ሰነፉ» አለ። እኔ ግን በልጆቹ ስንፍና ብቻ የመጣ ነው ብዬ አላምንም። ጦርነቱ ነበረ፤ በወረርሽኙ ዘመን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበረ፤ የአስተማሪና የመጽሐፍ እጥረት ነበረ። ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ወላጆች መደንገጣቸው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ካርድ ወደ ቤት ሲመጣ ነበር። በካርዱ ላይ ሰባ፥ ሰማንያ የሚል ተጽፎ ነበር። አባት ፊርማውን እያኖረ፥ እናት እልል እያለች ልጃቸውን አሳለፉ። በሦስተኛ ክፍል ሊነገራቸው የሚገባውን ነገር በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰሙት። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉት ልጆች እንዳይወድቁ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሲያዝዝ፥ አሳቡ ልጁ በየጊዜው እየታየ በጎደለው እየተረዳ ይለፍ የሚል ነበረ፤ በብዙ ስፍራ ግን ማለፉ ተያዘና መታየቱ ተረሳ።

ስለ አስተማሪው እንናገር። በአንድ ክፍል ስልሳ ተማሪ፥ እንዲህ ያለ አምስት ክፍል ይዞ የሚያስተምር ሰው አንድ ጊዜ ፈተና ቢሰጥ ሦስት መቶ ወረቀት ወደ ቤቱ ይሸከማል። ከዚያ «ተማሪዎችህ ለምን ወደቁ?» ተብሎ የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ ለምን አለፉ ተብሎ የተጠየቀ አስተማሪ ግን አላየሁም። ስለዚህ ነጥብ የሚጨምረው እጁ ከልቡ ቀድሞ ነው። ይህን ስል ነጻ ላወጣው አይደለም፤ ነገር ግን አስተማሪን ባሳለፈው ሰው ብዛት ብቻ የሚመዝኑት ከእርሱ የባሰ ተጠያቂዎች ናቸው።

ወላጆችስ? ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ አባት ወደ እኔ መጥተው «ለፈታኙ ጥቂት ነገር ብንሰጥ ምን ይለዋል? እኔ እኮ በር ነው የምከፍትለት፤ የሚገባው እርሱ ራሱ ነው» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ላባቸውን አፍስሰው ልጅ ያሳደጉ ናቸው። «ልጅዎ ከገባ በኋላ ቤቱ ውስጥ ያለውን ነገር የማያውቀው እንደ ሆነስ?» አልኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ያን ጊዜ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ሄዱ። ልጁ ይህን ንግግር ከበሩ ኋላ ሆኖ ሰምቶት ነበር። የልጁን ፊት ባየሁ ጊዜ ያዘንሁት ስለ ገንዘቡ አልነበረም፤ አባቱ በራሱ ጉልበት ያልፋል ብለው እንደማያምኑ በዚያች ሰዓት ስላወቀ ነው።

ሌላም የሚረሳ ሰው አለ፤ እርሱም ሦስተኛው ነው። የሕክምና ትምህርት ወንበር የተቈጠረ ነው። አንተ ለጓደኛህ በሰጠኸው መልስ ጓደኛህ አንድ ወንበር ወደ ፊት ቢራመድ፥ ከአንተ በብዙ ርቀት፥ ምናልባት በማታውቀው ወረዳ በኩራዝ ያጠናች ልጅ አንድ ወንበር ወደ ኋላ ትላለች። ስሟን አታውቅም፤ አታያትም፤ ስለዚህም አታዝንላትም። ከራስህ ጎተራ ሰጥተህ ቢሆን ቸር በተባልህ ነበር፤ የሰጠኸው ግን ከእርሷ ጎተራ ነው። ቀድሞ ለድኻይቱ ተማሪ የተከራከረው ሰው ይህን ልብ ይበል፤ በኩረጃ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ያው ድኻ ነውና፤ መልስ የሚገዛበት ገንዘብም፥ መልስ የሚላክበት ስልክም የለውም።

እዚህ ላይ ጎበዙ ተማሪ «እንግዲያውስ አለማሳየቴ ደግ አደረግሁ» ብሎ ደረቱን እንዳይነፋ እፈልጋለሁ። ወረቀቱን ሸፍኖ፥ ፈተናውን ጨርሶ፥ እያፏጨ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ በጓደኛው ፊት ስስታም ቢባል ስሙ በእውነት ይገባዋል። በፈተናው ሰዓት እንቢ የማለት መብት ያለው ከፈተናው በፊት እሺ ብሎ የነበረ ሰው ነው። ጓደኛህ ክፍልፋይ ማካፈል እንደማይችል በጥቅምት ወር ታውቅ ነበር፤ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲንተባተብ አብረህ ስቀህበትም ይሆናል። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ስንት ማታ አለ? መጽሐፉን ለሦስት የሚካፈሉት ልጆች ተራ ሲያወጡ የአንተን መጽሐፍ ቅዳሜና እሑድ ብታውሳቸው ምን ይጎድልብሃል? ውኃ ለመቅዳት የምትሄደዋን ልጅ እየሸኘህ በመንገድ የእንግሊዝኛ ቃላት ብትጠይቃት ጀሪካኑም ይቀልላታል።

ይህን ሁሉ አድርገህም ጓደኛህ ሊወድቅ ይችላል። ይህን አልደብቅህም። ሊያኰርፍህም ይችላል፤ በፈተና ቀን አንድ ጊዜ እንቢ በማለት ለዓመታት የቈየ ወዳጅነት ሲቋረጥ አይቻለሁ፤ ደግሞም ተመልሶ ሲቀጠል አይቻለሁ፤ የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። አንተ የምትመርጠው ወረቀቱን ማዞርንና አለማዞርን ነው እንጂ የጓደኛህን ልብ አይደለም።

ስለዚህ ፈተናው ገና ሩቅ ሳለ ወደ እርሱ ሂድ። ብዙ ሰው «ላስተምርህ» ሲሉት ያፍራል፤ «አብረን እናጥና፤ ብቻዬን ሳጠና እንቅልፍ ይወስደኛል» በለው፤ ይህም ውሸት አይሆንም። የሒሳብ ትምህርት እንደ ሆነ ከያዛችሁት ምዕራፍ አትጀምሩ። ወደ ኋላ ተመለሱና ክፍልፋይን ጀምሩ፤ አንድ እንጀራ ለአራት ቈርሳችሁ፥ ከአራቱ አንዱን ደግሞ ለሁለት ቈርሳችሁ፥ ያ ቁራሽ ከሙሉው እንጀራ ስንተኛ እጅ እንደ ሆነ እርሱ ራሱ እስኪነግርህ ድረስ ዝም ብለህ ጠብቀው።