ድርሻው ተደንግጓል፤ ንብረቱስ ተለይቷል?

«ኑዛዜ ጻፉ፣ ያላችሁንና ያለባችሁን ለቤተሰባችሁ አስታውቁ» ሲባሉ ብዙ አባቶች የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «የውርስን ነገር አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን ጨርሶታል፤ እኔ ምን እጨምራለሁ?» መልሱ የኢማን መልስ ይመስላል። ድርሻን በተመለከተ እውነትም ነው። በሱረቱ ኒሳእ የልጆች፣ የወላጆች፣ የባልና የሚስት ድርሻ በግልጽ ተቀምጧል። ሆኖም እኔ እስካየሁት ድረስ ወንድማማቾችን ቃዲ ፊት የሚያቆማቸው ስምንተኛንና ስድስተኛን ማስላት አለመቻላቸው አይደለም። የሚጣሉት ከዚያ በፊት ባለው ጥያቄ ነው። ለመሆኑ የሚከፋፈለው ንብረት የቱ ነው? በእርግጥስ የሟቹ ነበርን?

በግምጃ ቤት ከተማ ሱቅና የእህል መጋዘን ያላቸውን አንድ አባት እናስብ። ትልቁ ልጃቸው ከልጅነቱ ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ነው። ደመወዝ ተቆርጦለት አያውቅም፤ «ሁሉም የእናንተው አይደለምን?» እየተባለ ኖሯል። እናት መጋዘኑ ሲሠራ ወርቃቸውን ሸጠው ጨምረዋል፤ ብድር ነው ስጦታ ማንም አልተናገረም። ሁለተኛው ልጅ ከዐረብ አገር ገንዘብ እየላከ በአባቱ ስም ቤት አሠርቷል። ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ በአዊ እንደ ተለመደው ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የተተከለበት ማሳ አለ፤ ተክሎ የተንከባከበው ሦስተኛው ልጅ ነው። (ዛፉ ለመድረስ አራት አምስት ዓመት ይፈልጋል፤ መለከል መውት ግን የዛፉን መድረስ አይጠብቅም።) ሁለት ሴቶች ልጆችም አሉ፤ አንደኛዋ ዳንግላ ተድራለች።

እኚህ አባት አንድም ነገር ሳይናገሩ ቢሞቱ፣ የእናትየው ስምንተኛ የምን ስምንተኛ ነው? ወርቃቸው ዕዳ ከነበረ ከውርሱ በፊት መከፈል አለበት፤ በሸሪዓችን ከቀብር ወጪ ቀጥሎ የሚመጣው ዕዳ ነውና። ቤቱ የላኪው ልጅ ከነበረ ለወንድሞቹ የሚደርስ ነገር የለውም። መሬቱም የራሱ ሕግ አለው፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ለልጅ የሚተላለፈው የይዞታ መብት ነው፤ በላዩ ያለው ዛፍ ግን የግል ንብረት ነው። የማን የግል? የሚያውቁት ሟቹ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ዝም ብለው ሄደዋል። ይህን ዝምታ ተወኩል ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ማስተማራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

«ቃዲው ይለየዋል» የሚሉም አሉ። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የውርስ ጉዳይ እንዲያዩ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል፤ ነገር ግን ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የውርስ ክርክር፣ ያልተስማሙ ወገኖችን ጉዳይ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየቱን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነው ብሎ ሽሮታል። ስለዚህ ከወራሾቹ አንዱ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ከሄደ የሚሠራው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ደግሞ በቃል የተነገረ ኑዛዜ የሚጸናው ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው፤ ተናዛዡ ሦስት ወር ከቆየም ይፈርሳል። በታመመ ጊዜ አልጋው ዙሪያ ለቆሙት «ይህ የእገሌ ነው» ያለ አባት የተናገረው አብሮት ተቀብሯል ማለት ይቻላል። በእጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ቀንና ፊርማ ያኖረበት ወረቀት፣ ወይም በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የተፈረመ ሰነድ ግን ይቆማል። ጽሑፉ ከሲሶ በላይ ኑዛዜ እንዳይዝ፣ ለወራሽም የተለየ ነገር እንዳይጨምር ዓሊም ማማከር ነው።

በሕይወት ሳሉ ለልጆች አከፋፍሎ መገላገልስ? ይቻላል፤ ግን ኑዕማን ኢብን በሺር አባታቸው ለእሳቸው ብቻ ስጦታ በሰጡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሌሎቹም እንዲሁ አድርገህ ነበርን ብለው ጠይቀው፣ አለማድረጋቸውን ሲሰሙ ምስክር ለመሆን እምቢ ማለታቸውን ማስታወስ ይገባል። በአገራችን እንዲህ ያለው ስጦታ ብዙ ጊዜ ሴቶቹን ለማስቀረት የሚደረግ ነውና።

የሴቶቹን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ያ ቤተሰብ ተስማምቶ፣ ዕዳው ተከፍሎ 800,000 ብር ቀረ እንበል። እናት 100,000፣ እያንዳንዱ ወንድ 175,000፣ እያንዳንዷ ሴት 87,500 ይደርሳቸዋል። ይሁን እንጂ ሽማግሌዎች ባሉበት ዳንግላ ያለችው እህት «እኔ ለወንድሞቼ አውፍ ብያለሁ» ትላለች። ሁሉም «አላህ ይስጥሽ» ይላታል። አውፍ ማለቷ ከልቧ ነውን? ነገ ከባሏ ብትጣላ የምትመለስበት በር የወንድሞቿ በር ነው። ድርሻዬን ብትል ያ በር ሊዘጋባት እንደሚችል ታውቃለች። የሙስሊም ገንዘብ በልቡ ፈቃድ ካልሆነ ለሌላው ሐላል አይሆንም፤ በፍርሃትና በይሉኝታ የተባለ አውፍ የልብ ፈቃድ መሆኑን እኔ እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ አባትየው በሚጽፉት ወረቀት ላይ አንድ አደራ ቢያክሉ እወዳለሁ፦ የሴቶች ልጆቼ ድርሻ እጃቸው ሳይገባ አውፍ እንዲሉ አይጠየቁ። ብሩን ትቀበል፣ ቤቷ ወስዳ ዓመት ታቆየው። ከዚያ ወዲያ አንሥታ ለወንድሟ ብትሰጠው ሂባ ነው፤ ወንድሟም ያለ ሥጋት ይብላው።