ዘንዶ ገዳዩ ምን ይጠይቃል?

የግሪኩ ፔርሲየስ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስና የእኛው አንጋቦ በአገርም በዘመንም ይራራቃሉ። ታሪካቸው ግን አንድ መልክ አለው፤ አስጨናቂ አውሬ አለ፣ ልጃገረድ ትገበርለታለች፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይገድለዋል። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ እንዲህ ያለውን ተደጋጋሚ መልክ አርኬታይፕ ብሎታል፤ የሰው ልጅ ሁሉ ሳያውቀው የሚጋራው፣ አብሮት የሚወለድ ነገር ነው ባይ ነው። የሚወለደው ግን ባዶ ቅርጹ እንጂ ይዘቱ እንዳልሆነ ራሱ ደጋግሞ አስጠንቅቋል።

ለመሆኑ መመሳሰል ሁሉ ከነፍስ ይመነጫል? ፔርሲየስ ያዳናት አንድሮሜዳ የታሰረችው በኢዮጴ የባሕር ዳርቻ ነው ይባል ነበር፤ አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰንሰለቷ ምልክት እዚያ እንደሚታይ ጽፏል። የጊዮርጊስ መቃብር ያለባት ልዳ ደግሞ ለኢዮጴ ጎረቤት ናት። ተረት ከሰው ጋር ይጓዛል፤ ስለዚህ መመሳሰሉ ብቻውን ለዩንግ አይመሰክርለትም።

ቢሆንም አርኬታይፕን አልጥለውም። ጥቅሙ ታሪኮቹ የሚለያዩበትን ቦታ ማሳየቱ ነው። ሦስቱም ገዳዮች ምን እንደሚያገኙ እንይ። በሮማዊው ባለቅኔ በኦቪድ አተራረክ ፔርሲየስ ሰይፉን ከመምዘዙ በፊት ልጅቱን እንዲድሩለት ወላጆቿን ቃል ያስገባል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የላቲን ገድል ጊዮርጊስ የሚጠይቀው የሕዝቡን ጥምቀት ነው፤ ንጉሡ የሚሰጠውን ገንዘብ ለድሆች ትቶ ይሄዳል። አንጋቦ ዘንዶውን አርዌን በጦር አልገጠመውም፤ መርዝ ያበላት ፍየል አቀረበለትና ገደለው፤ ነገሠም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የመጨረሻው ነው። አርዌ ንጉሥ ነበር፤ ግብር ይበላ ነበር። ሕዝቡን ከግብር ያወጣው ሰው የተቀመጠው እዚያው ግብር በሚቀበለው ወንበር ላይ ነው። ታሪኩ የመንግሥትን አመጣጥ ሊያስረዳ ተነሥቶ ነጻ አውጪና ገዢ በአንድ ሰው ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ሳይመልስ ያልፋል። ሦስቱን ጎን ለጎን ባናስቀምጥ ኖሮ ዝምታው አይታየንም ነበር፤ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ገድሎ መሄድ እንደሚቻል አሳይቷልና።

ልጅቱንስ ማን ጠየቃት? አንድሮሜዳን ወላጆቿ ቃል ገቡባት። በእኛ ሥዕሎች ጊዮርጊስ ያዳናት ብሩታዊት ብዙ ጊዜ ዛፍ ላይ ሆና ታያለች፤ ስሟም አጠገቧ ይጻፋል። ይህን አርኬታይፕ ዛሬ የሚያነሣ ደራሲ ታሪኩን ከዛፉ ላይ ሆኖ ቢጀምር፣ ማን ምን ዋጋ እንደጠየቀና ማን እንደከፈለ ከእሷ የተሻለ የሚነግረው አያገኝም።