ማይክ ለሚጨብጥ ልጅ

ልጄ፣ ከእንግዲህ በእድራችን የሕይወት ታሪክ የማንበቡ ነገር በአንተ ላይ መውደቁን ሰማሁ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላልና አልችልም ብለህ አትመልስ። ግን «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» የሚባልም አለና፣ ማይኩን ከመጨበጥህ በፊት ጥቂት ላውጋህ።

በሰፈራችን በፉሪ ቀብር በሆነ ቁጥር የምንሰማውን ወረቀት አንተም ታውቀዋለህ። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚህ ቦታ ገብተው ተማሩ፤ ሰው ወዳድ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ስሙን ብትቀይረው ለማንም ይሆናል። የትውልዱን ሐረግ አንብብ፤ የሟች ወግ ነው፣ አይቀርም። «ደራሽ ነበሩ» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ቁም። መቼ? ለማን? ምን ሲያደርጉ?

አንዲት እናት አርፈዋል እንበል። «ለጎረቤት ደራሽ ነበሩ» ብለህ ከምታልፍ እንዲህ በል፦ «ውሃ በፈረቃ ሌሊት ሲመጣ፣ ቧንቧው ትፍ ትፍ ማለት ሲጀምር ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ነበሩ። ነጠላቸውን ተከናንበው ይወጡና የተኛውን ሳይቀሰቅሱ በየበሩ የተደረደረውን ጀሪካን ይሞላሉ። ክዳኑን አጥብቀው ወደየቦታው ይመልሱታል። ጠዋት ማን ሞላው ሲባል ዝም ነው።» ደግነት የሚለውን ቃል ሳትጠራ ደግነታቸውን ሁሉም አየው። ጀሪካኑ የተሞላለት ሰው ደግሞ እዚያው መካከል ቆሟል።

የሚሰማህን ሰውም እወቅ። በእኛ እድር ከፉሪ ተራራ ሥር ሲያርሱ ያደጉት የኦሮሞ አዛውንት እና አምና ከመሀል ከተማ ወጥቶ የሰፈረው ተከራይ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም»፤ ስለዚህ ወሬህን ሁለቱም የሚረግጡት ቦታ ላይ አስቀምጠው። የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ በ2009 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት ብለህ ብትጀምር አዛውንቱ የቀድሞውን ሜዳ ያስታውሳሉ፣ አዲሱ ሰው ደግሞ በየቀኑ የሚያልፍበትን ጣቢያ ያስባል።

ነገሩን ዘርዝሮ ማሳየት የሰፈር ወግ ብቻ አይምሰልህ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ሲናገሩ፣ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞክረው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግፍ ተፈጸመብን ብለው ብቻ አልተመለሱም። ጣልያን የተጠቀመችበት መርዝ በመጀመሪያ በበርሜል እንደተጣለ፣ በኋላ አውሮፕላኖቹ ላይ መርጫ ተገጥሞ እንደ ካፊያ እንደዘነበ፣ አውሮፕላኖቹም 9፣ 15፣ 18 እየሆኑ ተከታትለው ጭጋጉ እንዳይቋረጥ እንዳደረጉ፣ ወታደሩን ብቻ ሳይሆን ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ከብቱን፣ ወንዙንና ግጦሹን እንደነከረ ዘርዝረው ተናገሩ። የማኅበሩን ሐሳብ አላስቀየሩትም፤ በጣልያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ በዚያው ሰሞን ተነሣ። ሆኖም የዚያን ጉባኤ ሌሎች ንግግሮች ማን ያነሣቸዋል? ያ መርዝ ግን እስከ ዛሬ ከነአረጫጨቱ ይወራል።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ ልክ ነው። «ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም።» «ጊዜያችሁን አልወስድም» ብሎ የጀመረ ሰው ስንት ጊዜ ድንኳን ውስጥ አስመሽቶናል! አንድ ወሬ ምረጥ፤ ከመንደርደሪያው ሳይሆን ነገሩ ከሚፈጸምበት ጀምር፤ ሲያልቅ ዝም በል። የአቋቋሙ ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና አንድ ሰው አህያውን እየነዳ ሲመጣ አግኝተው «እንደምን ዋላችሁ?» አሉት እየተባለ ይወራል። በቃ፣ ያው ነው። አለቃ ቆመው «አህያውንም ጨምሬ ነው እኮ» ብለው ቢያብራሩ ኖሮ ለእኛ ባልደረሰ ነበር። አንተም ወሬህን ከጨረስህ በኋላ «ከዚህ የምንማረው» እያልህ ሰሚውን አታሰልች። ራሱ ይድረስበት።

ሦስተኛው ምክሬ ስለ እውነት ነው። ወሬ ሲደጋገም ማበጥ ይወዳል፤ አንዱ ጀሪካን ሁለተኛው ቀብር ላይ አሥር፣ ሦስተኛው ላይ ቦቴ ይሆናል። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል»፤ ያየ ሰው ከመካከል አይጠፋም። ከስልክ ላይ ያገኘኸውን የሌላ ሰው ገጠመኝም በእኔ ላይ ደረሰ አትበል። «የሰው ወርቅ አያደምቅም»፤ ከሰው ከሰማህ «ከእገሌ ሰማሁ» ብትል አያሳፍርህም።

ደግሞ አንደበትህ ጥሩ መሆኑ ከታወቀ ለሠርግም መጠራትህ አይቀርም። እዚያ ሚዜው ሁሉ የሙሽራውን ጉድ እያወጣ ማሳቅ ይወዳል። የሙሽሪት እናትና አባት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የምትናገረው ሙሽራውን የሚያስቀው ወይስ የሚያሳቅቀው እንደሆነ አስቀድመህ እሱኑ ጠይቀው፤ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።» የራስህን ገጠመኝ ስታነሣም ጀግናው አንተ አትሁን። ሕዝቡ የመጣው ለሟች ነው፣ ለሙሽራ ነው። አንተ በወሬው ውስጥ ያየህ ሰው ብቻ ሁን፤ ምስክር የሚታመነው በዚህ ነው።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ ዝግጅት ነው። ለቅሶ ቤት ስትሄድ ወረቀቱን ቤተሰብ እስኪሰጥህ አትጠብቅ። ከልጆቹ ይልቅ ጎረቤቱን፣ ባለ ሱቁን፣ አብሯቸው ቡና የጠጣችውን ሴት ጠይቅ፤ «ምን ሲያደርጉ አየሻቸው?» በል። ልጆቹ «ደግ ነበሩ» ይሉሃል፤ ባለ ሱቁ ዱቤ የሚከፍሉበትን ቀን ያውቃል። የሰማኸውን ለቤተሰቡ አሰማ፣ ይነገር ካሉህ ጻፈው፤ ከዚያ ጮክ ብለህ ለራስህ አንብበው። ምላስህን የሚያደናቅፈው ቃል ሰሚውንም ያደናቅፈዋልና አውጣው።

ርቱዕ አንደበት ይስጥህ። የምትለው አይጥፋህ፣ የማትለውንም ያስታውስህ። ሰሚ አይንሳህ።