መድፍና የሙታን ክብር

በለንደን ሃይድ ፓርክ ኮርነር የሚገኘው የንጉሣዊው መድፈኛ ጦር ሐውልት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ 49,076 የክፍሉ አባላት መታሰቢያ ሲሆን፣ የተመረቀው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። በአናቱ ከድንጋይ የተጠረበ ግዙፍ መድፍ ተቀምጧል። ጥያቄ የሚነሣውም ከዚሁ ነው፤ ሟቹን ለማክበር መግደያውን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ተገቢ ነውን? መድፈኛ የሚገድለውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያየውም፤ ርቀቱ ግን ኀላፊነቱን አያቀልለትም። ቀራፂው ቻርልስ ሳርጀንት ጃገር በዚያው ጦርነት የቆሰለ ወታደር ነበርና በመድፉ ዙሪያ መላእክት አላቆመም። በሐውልቱ ላይ ካሉት አራት የነሐስ ወታደሮች አንዱ በካፖርት ተሸፍኖ የተጋደመ አስከሬን ነው። ሥራው በጊዜው አከራካሪ ነበር። ለጥያቄው መልስ ካለ ግን የሚገኘው ከዚህ አስከሬን ነው፤ ተመልካቹ ሬሳውን አልፎ መድፉን ብቻ ሊያደንቅ አይችልም። በ1949 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ሟቾች የሚዘክሩ የነሐስ ሰሌዳዎች ተጨመሩ።